ሦስት ቁጥር ነርስ

ጡረተኛው መምህር ዋርድ ሁለት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ሞተው የተገኙት ከምሳ በኋላ ነው። የልብ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጠው ፓምፕ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሊሰጥ የሚገባውን መጠን በሃያ ደቂቃ ጨርሶታል። በዚያ ወር እንዲህ ሲሞት ሦስተኛ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት አንዱ በዋርድ አንድ፣ አንዱ በዋርድ ሦስት ሞቷል። ተረኛዋ ሲስተር በማግስቱ ታሰረች።

መዝገቡ መርማሪዋ እጅ የገባው ክሱ ሊመሠረት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ቀጥታ ወደ እስረኛዋ ሄደች።

«ዋርድ አንድ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«እግሬም ረግጦት አያውቅም! ብናገር ማን ይሰማኛል? ቁጥር አይዋሽም አሉኝ። ልጄ ጡት አልጣለችም፤ ካየኋት አስራ አንድ ቀኔ ነው። እባክዎ፣ ልሞት ነው።»

ቁጥሩን ያወጣው የሆስፒታሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ከወንበሩ ግን አይነሳም።

«የስሌቱ ሞዴል የዋርዱን፣ የነርሱንና የፓምፑን ድርሻ ለየብቻ ይመዝናል፤» አላት። «ሦስቱም የሞቱት በሦስት ቁጥር ነርስ ተራ ነው፤ ሲስተሯ ደግሞ ሦስት ቁጥር ናት።»

«ፓምፑስ?»

«የየዋርዱ ንብረት ነው ብዬ በየዋርዱ ከፈልኩት። ከአንድ ሞት በላይ ያለበት ፓምፕ የለም።»

መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አንድ ሠራተኛ አራት ቁጥር የተጻፈበትን ፓምፕ ከዋርድ ሦስት ወደ ዋርድ አንድ እየገፋ አለፈ። አስቆመችው፤ ጎንበስ ብላ ቡሎኖቹን አየች፤ ፓምፑንም ወደ ነርሶቹ አለቃ፣ ወደ ሜትሮኗ ክፍል አስገባችው።

ከሰዓት በኋላ ሜትሮኗ፣ ባለሙያውና ፓምፖቹን የሚጠግነው ሰው እዚያው ተሰበሰቡ። ሲስተሯ በካቴና መጣች።

«ሜትሮን፣ የዋርድ አንድ ሦስት ቁጥር ማን ናት?»

«ረጅሟ ልጅ።»

«የዋርድ ሦስትስ?»

«እሱ ወንድ ነው። እያንዳንዱ ዋርድ ነርሶቹን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራላ!»

ባለሙያው ክው አለ።

«ሦስት ሰው አጣብቀህ አንድ ገዳይ ሠራህ፤» አለችው መርማሪዋ። «የነርስ ቁጥር የሚሠራው በዋርዷ ውስጥ ብቻ ነው። የወዲያኛው ሦስት ቁጥር ከዚህችኛዋ ጋር አይገናኝም። ፓምፕ ግን ተሻጋሪ ነው፤ አራት ቁጥር በየትም ዋርድ ያው አራት ቁጥር ነው። አንተ ነርሷን አሻግረህ ፓምፑን አሰርከው። መዝገቡ ላይ በሦስቱም ሞት የተጻፈው አራት ቁጥር ነው፤ ገልብጠህ ብትደምር ኖሮ ሦስቱም እዚህ ፓምፕ ላይ ይወድቁ ነበር።»

«አንድ ቀን እንኳ ዋርድ ወርጄ አላየሁም፤» አለ ልጁ።

«እኔ ፈትሼዋለሁ!» አለ የጥገናው ሰው። «ሁለት ጊዜ ከፍቼ አስተካክያለሁ፤ ፊርማዬ አለ።»

«ፊርማህማ አለ። የፋብሪካው ማሸጊያ ቀለም ግን ቡሎኖቹ ላይ እንዳለ ነው። ሳትፈታው እንዴት ገባህ? ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ እኛ ሦስት ቀብረንም አምነንህ ነበር።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። «አርባ ፓምፕ ለአንድ ሰው! ሁለተኛው ሲሞት ጠርጥሬ ነበር። እንዴት ብዬ ልናገር? ፈራሁ። እሷ ስትታሰርማ ጭራሽ አፌ ተያዘ።»

ካቴናው ተፈታ። ሜትሮኗ እንኳን ደስ አለሽ ብላ አቀፈቻት። ሲስተሯ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ዓይኗ ፓምፑ ላይ ነበር።

«ለመምህሩ ያገናኘሁላቸው እኔ ነኝ፤» አለች። «‹አይዞዎት ጋሼ፣ አሁን ይሻልዎታል› አልኳቸውና ቁልፉን ተጫንኩት። አመስግነውኝ ነበር።»

መርማሪዋ ፓምፑን ከሲስተሯ ዓይን አርቃ ወደ ግድግዳው አዞረችው።