ቅዝቃዜው ሁሉ ለእትዬ ተሻለች

እትዬ ተሻለች የመጀመሪያውን ካልሲ በጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው የኤሲው አየር መውጫ ውስጥ ከተቱት። ካልሲው ጥቁር ነው፤ ዳሽቦርዱም ጥቁር ስለሆነ አይታይም። ሁለተኛውን ከቦርሳቸው ሲያወጡ ግን ከኋላ ወንበር የሚያያቸው ሰው መኖሩ ትዝ አላቸውና ዘወር አሉ።

«ኢብሴ፣ የኔ ልጅ፣ ነፋሱ ትከሻዬን ገደለኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለአባትሽ እንዳትነግሪው። በጣም ደስ ብሎታል።»

ኢብሴ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። አባቷ ኢቲቻ መኪናዋን ጎሬ ከተማ ዳር አቁሞ ለመንገድ ሙዝ እየገዛ ነው። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ ሙዝ ሻጯ እንኳ ጋቢ ተከናንባለች። በዚህ ብርድ ኤሲ ከፍቶ ከመቱ ጎሬ የመጣ ሰው ቢፈለግ ከእሱ ሌላ አይገኝም።

«እሺ» አለች። ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

እትዬ ተሻለች መቱ ውስጥ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ኢቲቻ በልጅነቱ ኡካ አካባቢ ካለ ገጠር ለትምህርት ወደ መቱ ሲመጣ ማደሪያ አልነበረውም። እሳቸው ናቸው ቤታቸው አስገብተው ትምህርቱን እስኪጨርስ ያኖሩት። ዛሬ ሥራም ቤትም አለው፤ በቅርቡ ደግሞ አሮጌም ብትሆን መኪና ገዝቷል። የእትዬ ተሻለች ልጅ ራሄል ጋምቤላ ነርስ ናት። ሴት ልጅ ወልዳ ነገ ጠዋት ክርስትና ታስነሳለች፤ አያት የልጅ ልጃቸውን ገና በዓይናቸው አላዩም።

ችግሩ መንገዱ ነው። አምና ጋምቤላ ሲወርዱ አውቶቡስ ውስጥ ሙቀቱ ጥሏቸው፣ ራሳቸውን ስተው በሰው እጅ ነው የወረዱት። መስኮት ይከፈትልዎ ሲባሉ ደግሞ ነፋስ ይመታኛል ብለው እምቢ አሉ። ሙቀት አይሆንላቸው፣ ነፋስ አይሆንላቸው።

ኢቲቻ ይህን ያውቃልና «እኔ አደርስዎታለሁ፤ በኤሲ» ብሎ ቃል ገባ። ኤሲው ግን መኪናዋን ከገዛት ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም ነበር። መካኒኩ ወልደ ማርያም ዘንድ ወሰዳት፤ የሚቀየረውን አስቀየረ፣ ጋዝ አስሞላ፤ ሲያልቅ እጁን መውጫው ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ሣቀ። ዛሬ ጠዋት ሲነሱ ደግሞ በራሱ በኩል ያሉትን መውጫዎች በሙሉ ዘጋ። ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ወደ እንግዳ እንደሚገፋ ሰው፣ ቅዝቃዜው ሁሉ ወደ እትዬ ተሻለች እንዲሄድ ነው። በእሳቸው በኩል ያሉት መዝጊያዎች የተሰበሩ ስለሆኑ ልዝጋ ቢሉም አይዘጉም። ካልሲ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ኢቲቻ ሙዙን ይዞ ገባ። «ተስማማዎት እትዬ?»

«ገለቶማ የኔ ልጅ። ዕድሜ ይስጥህ» አሉ፣ በኦሮምኛውም በአማርኛውም አመስግነው።

እሱም ደስ ብሎት ቅዝቃዜውን ጨመረላቸው። ኢብሴ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። ሰኞ ትምህርት ቤት ይህን ለጓደኛዋ ለኑኃሚን ስትነግራት በሳቅ ትሞታለች።

ቡሬን አልፈው ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ሳቁ ጠፋ። ጭጋጉ ከኋላ ቀርቶ ፀሐይዋ መስታወቱን ማጋል ጀመረች። እትዬ ተሻለች ነጠላቸውን አወለቁ፤ ቀጥለው ሹራባቸውን አወለቁ። ኢቲቻ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ እሳቸው ቀስ ብለው ካልሲዎቹን መዘዙና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እጃቸውን መውጫው ላይ አደረጉ። ውስጡ ያጉረመርማል እንጂ የሚወጣ አየር የለም።

ጥቂት ታገሡ። ላቡ ግን በግንባራቸው መውረድ ጀመረ።

«ኢቲቻ፣ ይሄ ነገር ቆሟል መሰለኝ» አሉ በደከመ ድምፅ።

ኢቲቻ ዳር ይዞ አንድ ዛፍ ሥር አቆመ። እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው፣ ጥላው ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው፣ ውሃ ሰጣቸው። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ «ማል ታኤ? ምን ሆነ?» እያለ ውስጡን ሲያይ ቆየ። ቀና ሲል ኢብሴ ፊቱን አይታ ደነገጠች። አባቷን ተቆጥቶ አይታዋለች፣ አዝኖም አይታዋለች፤ እንዲህ አፍሮ ግን አይታው አታውቅም።

«እንመለሳለን» አለ። «ወደ ታች ሙቀቱ ይብሳል። እዚያ ቢወድቁብኝ ራሄልን ምን እላታለሁ?»

«ክርስትናውስ?» አለች ኢብሴ።

እትዬ ተሻለች «እግዜር ካላለው ምን ይደረጋል» አሉ፤ ዓይናቸው ግን የጋምቤላውን መንገድ ነበር የሚያየው።

ኢቲቻ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። እጁ በግሪስ ስለጨቀየ በድምፅ ማጉያ አድርጎ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

«ወልደ ማርያም፣ እንዲህ ነው የሠራህልኝ? ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሞተ። ትልቅ ሰው ልይዝ ነው ብዬህ አልነበረም?»

«ጋሼ፣ ትናንት እኮ አብረን ሞክረነዋል» አለ መካኒኩ። «አየር መውጫዎቹ ተዘግተው ነበር? ከተዘጉ ውስጡ በረዶ ይሠራና አየር አያሳልፍም።»

«የኔን ነው የዘጋሁት። የሳቸው ሲነፍስ ነው የመጣው። አሁን ሰበብ አትፈልግብኝ። አታለልከኝ።»

ኢብሴ እትዬ ተሻለችን አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት፤ ወዲያው ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ኢብሴ እሺ ብላቸዋለች። ብትናገር ቃሏን ማጠፏ ብቻ አይደለም፣ አባቷን ያሳደጉ ትልቅ ሰው በልጅ አፍ ፊቱ ሊያፍሩ ነው። እሱም ያን ያህል የለፋበት ነገር ከጎሬ ጀምሮ በካልሲ ተወትፎ መምጣቱን ሊሰማ ነው። ዝም ብትልስ? እትዬ ተሻለች የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሳያዩ ይመለሳሉ፣ ወልደ ማርያም አታላይ ተብሎ ይቀራል፣ አባቷም ውለታ የዋሉለትን ሰው መንገድ ላይ የጣልኩ ሰው ነኝ እያለ ይኖራል። ይሄኛው ባሰባት።

«አባ፣ ወልደ ማርያም አላታለለህም» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «ኤሲው ደህና ነው። እትዬ በርዷቸው ነበር። መውጫው ከጎሬ ጀምሮ ተደፍኖ ነው የመጣው።»

«በምን ተደፍኖ?»

«በካልሲ።»

«በካልሲ?» አለ ስልኩ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ተሻለች ቦርሳቸውን ከፍተው ካልሲዎቹን አወጡና ጭናቸው ላይ አስቀመጧቸው።

«ልጅቷን እንዳትቆጣት» አሉ። «አትንገሪው ያልኳት እኔ ነኝ። ለኔ ብለህ ያሠራኸውን ነገር በረደኝ ማለት እንዴት ይሆንልኛል?»

ኢቲቻ ካልሲዎቹን አየ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ወልደ ማርያም፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ። በደልኩህ። አሁን ምን ላድርግ?»

«ኤሲውን ያጥፉት፤ በረዶው እስኪቀልጥ ይጠብቁ። ሲከፍቱት ግን የራስዎንም መውጫ ይክፈቱ፣ ጋሼ።»

ጠበቁ። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ኢቲቻ እጁን ታጥቦ ሙዝ ላጠና ለእትዬ ተሻለች ሰጣቸው፤ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጣጩን ወደ ታች እያየ ይቆራርጥ ጀመር። ኢብሴ የተቆጣ መሰላት።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «እርስዎ ቤት ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎደሬ ይቀቅሉልኝ ነበር።»

«አዎ። የአገሩ ልጅ ነው፣ የእናቱ ቤት ምግብ ይናፍቀዋል ብዬ ገበያውን ሁሉ ዞሬ ነበር የማመጣልህ።»

«አልወድም ነበር። ጉሮሮዬን ያሳክከኛል። እናቴም ስለምታውቅ አትሰጠኝም ነበር።»

ሙዙ እትዬ ተሻለች እጅ ላይ ቀረ። «ያን ሁሉ ዓመት?»

«ምን ልበል? ለኔ ብለው ነው እኮ።»

«አንተ ልጅ!» አሉ። «እኔስ የምወድ መስሎህ ነው? ብቻህን እንዳትበላ ብዬ እንጂ፣ እኔንም እያነቀኝ ነው የኖርኩት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ኢብሴ ናት። ቀጥሎ እሳቸው፣ ቀጥሎ ኢቲቻ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን እሱ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ አየችው።

«ያኔ በርዎን ባይከፍቱልኝ ወደ ገጠር ተመልሼ ቀርቼ ነበር» አለ። «ይህን በአፌ ነግሬዎት አላውቅም። በኤሲው ልነግርዎት ነበር።»

«ሰምቼሃለሁ» አሉ እትዬ ተሻለች፣ ራሱን እየዳሰሱ። «ብርዱ ሳይቀር ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት፤ ትከሻዬ ነው ያልቻለው። አሁን ተነስ፣ ልጄ ጋ አድርሰኝ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ከኋላ ይሁኑ» አለች ኢብሴ። «እዚያ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ ነፋሱ አያገኝዎትም። እኔ ፊት እቀመጣለሁ።»

ኢቲቻ መውጫዎቹን በሙሉ ከፈተና ኤሲውን አስነሳ። እትዬ ተሻለች ከኋላ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተደገፉ። ቅዝቃዜው እንደ ጠዋቱ እየበረታ መጣና ቁልቁለቱ ሳያልቅ የኢብሴ ክንድ በብርድ ሽፍ አለ። አባቷን አየችው፤ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱ በርቷል። ይህን ፊት ላለማጥፋት ጋምቤላ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ልትሄድ ትችላለች።

ግን እጇን ዘረጋችና የኤሲውን ማዞሪያ ወደ ግራ መለሰችው።

«በርዶኝ ነው አባ» አለች። «ቀንሼዋለሁ።»