ያልተፈታው ፋሻ

ሬሳውን ለማየት የገባው ሁሉ ጭንቅላቱን ነበር የሚያየው። ኢንስፔክተር ሐዲያ ዐብዱልባሲጥ ግን ጫማዋን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አውልቃ ገባችና በእግሩ በኩል ቁጢጥ ብላ የሱሪውን ጫፍ በእርሳስ ገለጥ አደረገችው።

ሟቹ ኒቆዲሞስ ይባላል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ የቀስተ ደመና ክለብ አጥቂ። በዚያው ዕለት፣ እሑድ፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ክለቡ እዚህ ሐረር ከሐኪም ጋራ ክለብ ጋር ሲጫወት፣ የሐኪም ጋራው ተከላካይ ዐድናን ፊቱን በክርን መትቶት በቀይ ካርድ ወጥቶ ነበር። ኒቆዲሞስ ግን ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ተጫውቷል። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ምድር ቤት ያለውን ክፍሉን ስትከፍት ሞቶ አገኘችው።

«ግልጽ ነው» አለ አለቃዋ ኮማንደር እንደሻው፣ ከደጃፉ ሳያልፍ። «ክርኑ አዞረው፣ ሊታጠብ ገባ፣ ወደቀ። ልጁን ይዘነዋል።»

«የቱን ልጅ?»

«ዐድናንን ነዋ። ሲመታው አገር ያየው ነው፤ ምስሉ በየስልኩ እየዞረ ነው። ረቡዕ የዲሲፕሊን ኮሚቴው እዚሁ ይቀመጣል። እነሱ ዕድሜ ልክ ያግዱታል፣ እኛ በነፍስ ግድያ እንከሰዋለን። መዝገቡን እስከዚያ ጨርሽልኝ።»

«ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ጌታዬ። ወለሉም እርጥብ ነው። ይህ ግን ደረቅ ነው።»

ከካልሲው ሥር በግራ ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ የተጫዋች ፋሻ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ጠርዙ ላይ ሣርና ቀይ አፈር ተጣብቆበታል። ከላይ የለበሰው ቱታ ግን ከሻንጣ የወጣ፣ እጥፋቱ ያልተፈታ ንጹሕ ልብስ ነበር።

«እና ምን ይሁን?»

«ገላውን ሳይታጠብ ራሱን ብቻ የታጠበ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ረቡዕ፣ ሐዲያ» አለና ኮማንደሩ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ስትደርስ ዶክተር ጀናት ምርመራውን ጨርሳ እጇን እየታጠበች ነበር።

«ግራ ጉንጩ ላይ ያለው የክርኑ ምት ነው፤ ያበጠ ሥጋ እንጂ የተነካ አጥንት የለም» አለች ሐኪሟ። «የገደለው ከኋላ ያለው ነው። አንድ ስለት የመሰለ ጠርዝ ላይ በኃይል ወድቋል። ከቁስሉ ይህን አውጥቻለሁ።» የጥፍር ቁራጭ የምታክል ሰማያዊ የዘይት ቀለም በጠርሙስ ውስጥ አሳየቻት።

የሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ከወለሉ እስከ ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ ነው።

«ወዲያው ነው የሞተው?»

«አይደለም። አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል። እየደገፉት እግሩን ሊያነሣም ይችል ነበር። ቢያመጡልኝ ኖሮ...» ዶክተር ጀናት ቀሪውን ሳትጨርስ ፎጣውን ሰቀለችው።

ዐድናን ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። በጁገል ግንብ ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሐዲያ ስትገባ በአክብሮት ሊነሣ ሞከረ፤ ጉልበቱ አልታጠፍ አለው።

«ተቀመጥ። መትተኸዋል?»

«መትቼዋለሁ። አስቤ ነው ክርኔን ያነሣሁት። ዳኛው አልተሳሳተም።»

«ለምን መታኸው?»

ዐድናን ቀኝ ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ጉልበትህን ምን ነካው?»

«ጨዋታ ላይ ነው።»

«ዐድናን፣ በነፍስ ግድያ ልትከሰስ ነው እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ላጠፋሁት ይቅጡኝ፣ እቀበላለሁ። ያልገደልኩትን ገደልኩ ግን አልልም፤ ወላሂ አልልም። እርስዎም ደጋግመው አይጠይቁኝ። ክሴን ላቅልል ብዬ መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ አላወራም።»

ሐዲያ ይህን መልስ ወደደችው፤ ለሥራዋ ግን አልጠቀማትም። ከጣቢያው ወጥታ በቀጥታ ጊደር መጋላ ገበያ ሄደች። እናቱ ወይዘሮ ሐሚዳ በርበሬና እርድ በሚሸጡበት ቦታቸው ላይ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ሱቅ ዘግተው ቤት እንዲቀመጡ ቢለምኗቸውም አሻፈረኝ ብለዋል።

«ምን አደረግሁና ነው የምደበቀው?» አሉ ለሐዲያ። «ልጄ ሰው መትቷል፤ እኔም ብሆን እቀጣው ነበር። ገዳይ ግን አላሳደግሁም። ጉልበቱ ከተሰፋ ገና ስምንት ወሩ ነው። ትናንት ሲወስዱት ዳቦ መስሎ አብጦ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሐዲያ ጨዋታውን የቀረጸውን ሰው ፈልጋ አገኘችው። ከተማው ያየው አሥራ ሁለት ሰከንዱን ብቻ ነበር፤ እሷ ዘጠናውንም ደቂቃ ተቀምጣ አየች። ዐድናን ክርኑን ከማንሣቱ ሁለት ደቂቃ በፊት፣ ኳሷ ሌላ ጥግ ሳለች፣ ኒቆዲሞስ መሬት ላይ የወደቀውን ዐድናንን ቀኝ ጉልበቱን ረገጠው። ከዚያ ፊቱን ወደ አሠልጣኙ መቀመጫ አዞረ። አሠልጣኙ አጨበጨበለት። ኒቆዲሞስ ግን ፈገግ አላለም፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ክርኑ ሲያርፍበትም በፊቱ፣ በመዳፎቹ ተደግፎ ነው የወደቀው፤ ማጅራቱ መሬት አልነካም።

አሠልጣኝ ወንድወሰን ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል። ግዙፍ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው።

«ልጄ ነበር» አላት። «ጨዋታው እንዳለቀ ‹ራሴን አዞረኝ› አለኝ፤ በባጃጅ ብቻውን ቀድሞን መጣ። ይረፍ ብዬ ተውኩት።»

«ሆቴል ከመጡ በኋላ አላዩትም?»

«ከሜዳ ከወጣ በኋላ በዓይኔ አላየሁትም።»

«ስታዲየም ታጥቦ ነበር?»

«በምን? ውኃው ከዓርብ ጀምሮ የለም። እዚህ ሲታጠብ ነው የወደቀው። ያንን አውሬ ከኳስ ካላጠፋችሁት ነገ ሌላውን ይገድላል።»

ቃሉን ካስፈረመችው በኋላ የክለቡን ወጌሻ ቤዚን አነጋገረች። የልጅቷ ዓይን በልቅሶ ቀልቷል።

«ሰዎች የተመታ ልጅ ለምን ወደ ሜዳ መለስሽ እያሉኝ ነው» አለች ቤዚ። «ገብቼ ዓይኑን፣ ንግግሩን፣ አቋሙን ፈትሻለሁ። ደህና ነበር። ይህን ማንም ቢጠይቀኝ እላለሁ።»

«ፋሻውን ያሰርሽለት አንቺ ነሽ?»

«የማስረውም የምፈታውም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲፈታው ቆዳውን ይልጠዋል። ከጨዋታ በኋላ ስፈልገው ግን አሠልጣኙ ‹በባጃጅ ሄዷል› አለኝ።»

የመጨረሻው ዓለሙ ነበር፤ የክለቡ በረኛ፣ ከሟቹ ጋር አንድ የሆቴል ክፍል የያዘ።

«አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ኒቆዲሞስ አልነበረም» አለ። «አሠልጣኙ በመስኮት ‹ሂዱ፣ እሱ ከእኔ ጋር በፒክአፑ ይመጣል› አለን። ምሳ ልንጨርስ ስንል ብቻውን መጣና ‹ተኝቷል፣ ክፍሉ እንዳትገባ› አለኝ።»

የሐዲያ እስክሪብቶ ቆመ። «በፒክአፑ ነው ያላችሁ? እርግጠኛ ነህ?»

«ሁላችንም ሰምተናል።»

«ኒቆዲሞስና አሠልጣኙ ተጣልተው ነበር?»

ዓለሙ ወደ እንግዳ መቀበያው በር ተመለከተ። «ከዚህ ክለብ ጋር ገና የሁለት ዓመት ውል አለኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።»

ዓለሙ ዓይኑን ከበሩ ላይ አላነሣም። እሷም አላስጨነቀችውም። ስትወጣ በጓሮው በር በኩል የሚጠብቀውን ዘበኛ አነጋግራ ቃሉን አስፈረመችው።

ማክሰኞ ስታዲየም ሄደች። የእንግዳው ቡድን ልብስ መቀየሪያ ክፍል በጫማ ጭቃ እንደተሞላ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራ የሲሚንቶ መቀመጫ አለ፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል የመቀመጫው አንድ ጥግና ከሥሩ ያለው የአንድ ክንድ ስፋት ወለል ብቻ ተወልውሏል። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጧል። የውኃውን ቧንቧ ብትከፍተው አየር ተፋ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ስድስት ባዶ የታሸገ ውኃ ፕላስቲኮች አገኘች።

ስልኳ ጮኸ። ኮማንደሩ ነው።

«ስታዲየም ምን ትሠሪያለሽ? ከላይ እየደወሉ ነው።»

«ይደውሉ።»

«መዝገቡን ለሌላ እሰጠዋለሁ!»

«በጽሑፍ ይስጡኝ፣ ጌታዬ። ደብዳቤው እስኪደርሰኝ ድረስ መዝገቡ የእኔ ነው።»

ደብዳቤው አልደረሳትም።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኮሚቴው ጠረጴዛ ፊት በአንድ ወገን ዐድናን በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ በሌላው ወገን አሠልጣኝ ወንድወሰን፣ ቤዚና ዓለሙ ተቀምጠዋል። ኮማንደር እንደሻው ከኋላ ቆሟል። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሥራዬ የተተየበ ወረቀት አንሥተው «ተጫዋች ዐድናን ለሞት ባደረሰ የኃይል ድርጊት...» ብለው ሲጀምሩ ሐዲያ ተነሣች።

«ለሞት አላደረሰም።»

«እዚህ የምናየው የስፖርት ጉዳይ ነው» አሉ ሰብሳቢው።

«የሞተውም ስፖርተኛ ነው። አሥር ደቂቃ ይስጡኝ።»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ፊት ወጣች።

«ኒቆዲሞስ ሲታጠብ ወድቆ ሞተ ተብሏል። ራሱ ርሷል፤ የእግሩ ፋሻ ግን ደረቅ ነው፣ የሜዳው አፈር እንኳ አልለቀቀውም። ስለዚህ አልታጠበም። ውኃ ያፈሰሰበት ሌላ ሰው ነው፤ ንጹሕ ቱታ ያለበሰውም ሌላ ሰው ነው።»

«በፋሻ ሰው ልትከሺ ነው?» አለ ወንድወሰን።

«በፋሻ ብቻ አይደለም። ክርኑ ያረፈው ጉንጩ ላይ ነው፤ የገደለው ቁስል ማጅራቱ ላይ ነው። ቁስሉ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ተገኝቷል። ሆቴሉ ሰማያዊ ቀለም የለውም። የእናንተ ልብስ መቀየሪያ ግን አለው፤ ጠርዙ ተልጧል፣ ውኃ በሌለበት ክፍል ያ ጥግ ብቻ በታሸገ ውኃ ታጥቧል። የወደቀው እዚያ ነው። ታዲያ ከዚያ ማን ወሰደው?» ወደ አሠልጣኙ ዞረች። «ለእኔና ለቤዚ በባጃጅ ሄደ አሉን። ለአውቶቡሱ ተጫዋቾች ግን ከእኔ ጋር በፒክአፑ ይመጣል አሏቸው። አንድ ሰው በሁለት መኪና አይሄድም። የሆቴሉ ዘበኛ ደግሞ ራሱን በፎጣ የሸፈነ ተጫዋች እየደገፉ በጓሮ በር ሲያስገቡ አይቶዎታል። እርስዎ ግን ከሜዳ ከወጣ በኋላ አላየሁትም ብለው ፈርመዋል።»

«የራሴን ተጫዋች ለምን እገድላለሁ?»

«እሱን እኔ ልነግርዎ አልችልም» አለች ሐዲያ። «ምስሉ የሚያሳየኝ ኒቆዲሞስ የዐድናንን ጉልበት ሲረግጥና እርስዎ ሲያጨበጭቡ ነው። ቀሪውን የሚያውቅ እዚህ ክፍል ውስጥ አለ።»

ዓለሙ ሁለት ትላልቅ እጆቹን ጭኑ ላይ ጫነ። ከዚያ ተነሣ።

«በእረፍት ሰዓት አሠልጣኙ ኒቆዲሞስን ‹ያ የዐድናን ጉልበት የተሰፋ ነው፣ እሱን ርገጠው› አለው። እንቢ አለ። ‹እንግዲያው ተቀመጥ፣ ሌላ ይገባል› ሲለው ነው እሺ ያለው። ጨዋታው ሲያልቅ አለቀሰ። ‹ዐድናን በከንቱ አልመታኝም፤ ለኮሚቴው የታዘዝኩትን እናገራለሁ› አለ። አሠልጣኙ ‹እናንተ ውጡ› አለን። ወጣን።» ወደ ዐድናን ዞረ። «ብቻውን ጥለነው ወጣን።»

ወንድወሰን ወደ ዓለሙ ሳይሆን ወደ ኮሚቴው ነበር የሚያየው። «ገፋ ነው ያደረግሁት» አለ። «ልገድለው አላሰብኩም።»

«ያንን አምንዎታለሁ» አለች ሐዲያ። «ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ግን በደንብ አስበውበታል። በሕይወት ነበር። መኪና ነበረዎት። ሆስፒታል ማድረስ ይችሉ ነበር፤ እርስዎ ግን አልብሰው፣ ዘግተውበት፣ ምሳ ወዳለበት ሄዱ።»

ኮማንደር እንደሻው ከኋላ መጣ። ለሐዲያ ምንም ሳይላት የአሠልጣኙን ክንድ ራሱ ይዞ አወጣው።

አቶ ሥራዬ ወረቀታቸውን አጣጠፉት። «እንግዲህ የዐድናን ጉዳይ ተዘግቷል።»

«አልተዘጋም» አለ ዐድናን። ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። «ክርኔን አንሥቻለሁ። ደንቡ ምን ይላል?»

ሰብሳቢው ከጎናቸው ካሉት ጋር ተንሾካሾኩ። «ስድስት ጨዋታ።»

«እቀበላለሁ። አሁን ደግሞ ትእዛዙን ጻፉ።»

«የቱን ትእዛዝ?»

«‹ጉልበቱን ርገጠው› የሚለውን። እኛን ባነሣነው ክርን፣ በረገጥነው እግር ትቀጡናላችሁ፤ ይሁን። ያዘዘን ሰው ግን በየሳምንቱ ሌላ ልጅ ያዝዛል። ኒቆዲሞስ የሞተው ይህን ሊነግራችሁ ሲል ነው።»

«በደንባችን ለእሱ የሚሆን አንቀጽ የለም» አሉ አቶ ሥራዬ።

«እስኪጻፍ አልወጣም» አለና ዐድናን ተመልሶ ተቀመጠ።

ዓለሙ አዳራሹን አቋርጦ ከጎኑ ተቀመጠ። ቤዚም ቦርሳዋን ይዛ ተከተለችው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ የፖሊስ እርዳታ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ሐዲያ አዩ። ሐዲያ ወንበር ሳበችና ተደላድላ ተቀመጠች።

«እኔ አልቸኩልም» አለች።

ውጪ የተሰበሰበው ሰው ድምፅ በመስኮቱ ይሰማል። አቶ ሥራዬ ወደ መስኮቱ አዩና ባዶ ወረቀት ወደ ራሳቸው ስበው የብዕራቸውን ክዳን አወለቁ።

«የምስክሩ ስም?»

«ዓለሙ እንግዳ፣ የቀስተ ደመና በረኛ» አለ ዓለሙ፣ አንድም ፊደል እንዳይሳሳቱ ቀስ ብሎ።