የይበልጣል ቋጠሮ

መንፈስ ታየ፣ ድምፅ ተሰማ የሚል ወሬ ሲጀመር እኔ ቀስ ብዬ ተነሥቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ይህንንም የማወራህ ስላመንኩ ሳይሆን በዓይኔ ስላየሁ ነው፣ አንተ እንግዲህ የፈለግከውን በል።

ሞጣ ላይ እማማ እንይሽ ግቢ ተከራይቼ እኖር ነበር። ልጃቸው ይበልጣል ኮማንዶ ነበር፣ በድንበሩ ጦርነት ዘምቶ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ሰባት ዓመት አለፈው፣ ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣ፣ አለ የሚልም አልመጣ። ወንድማቸው ጋሽ መኳንንት «ነፍሱን አሳርፊያት እንጂ፣ ተዝካሩን አውጪ» እያሉ ሲወተውቷቸው ከርመው በመጨረሻ እማማ እሺ አሉ። ተዝካር ከወጣ በኋላ ልጄ ይመጣል ብሎ መጠበቅ እንደሌለ ያውቁታል፣ እሺ ካሉበት ቀን ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም።

በዋዜማው የዕድሩን ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ካስማ፣ ዐሥራ ሁለት ገመድ፣ ሁሉንም በራሴ እጅ በተራ ቋጠሮ አሰርኩ፣ ቆጥሬ ነው የምልህ። ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ዝናብ ሲጥል መዶሻዬን እንደያዝኩ እማማና ጋሽ መኳንንት ወዳሉበት ቤት ገባሁና በሩን ዘጋን።

ዝናቡ ሲያባራ ነው ከውጭ ካስማ ሲመታ የሰማነው። ሦስት ጊዜ ድው ድው ድው፣ ከዚያ ዝም፣ ሰው ከአንዱ ካስማ ወደ ሌላው የሚራመድበትን ያህል፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት። እመነኝ፣ መዶሻው እጄ ላይ ነው! እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ካስማ ቆጠርኩ። ጋሽ መኳንንት «ማነህ አንተ?» ብለው ጮኹ።

ስንወጣ ሰው የለም፣ ጭቃው ላይ አንድ ዱካ እንኳ የለም። ድንኳኑ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ገመዶቹ ሁሉ እኔ በማላውቀው ቋጠሮ፣ ጫፋቸው ሁለቴ ወደ ውስጥ ተመልሶ ታስረዋል። እማማ አንዱን በጣታቸው ዳሰሱና «ለዕረፍት ሲመጣ የበቅሎዋን ጭነት የሚያስርልኝ እንዲህ ነው» አሉ።

«እህቴ፣ ነፋስ ነው።»

«ነፋስ መቼ ገመድ ማሰር ተማረ? ሂድና ለካህናቱ ንገራቸው፣ ፍትሐት የለም።»

«የተጠመቀው ጠላስ?»

«ትጠጣዋለህ! መቼ እንቢ ብለህ ታውቃለህ?»

በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተሳቀ፣ እማማም ጠግበው ሲበሉ አየሁ። ድንኳኑን ስንነቅል አንዱን ቋጠሮ ሳልፈታ ቆርጬ አስቀመጥኩት፣ በኋላ አገሬ ቢቸና ስሄድም ጡረታ ለወጡ አንድ አየር ወለድ ጎረቤታችን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ይሄማ የእኛ የአየር ወለድና የኮማንዶ ቋጠሮ ነው፣ ግን አንድ ሰው ብቻውን አያስረውም፣ ሌላው ጫፉን ወጥሮ መያዝ አለበት» አሉኝ።

ሞጣ ተመልሼ ይህን ስነግራቸው የእማማ ፊት በራ። «ያኔ ጫፉን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ተመስገን፣ ብቻውን አይደለማ!» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ፣ ዛሬም ደህና እንቅልፍ ይተኛሉ። እኔ ግን ዝናብ ባባራ ቁጥር ጆሮዬ ውጭ ነው፣ የሚመታውንስ ሰምቼዋለሁ፣ ድምፅ ሳያሰማ ገመዱን ይዞለት የቆመው ማን ነበር?