ሲትራ ለምን ትርፍ ሆነች?

መቶ ልጆች ሐይቅ ሊያዩ ተነሡ። መቶ! ሲጠሩት እንኳ አፍ ይሞላል።

ቲቸር ወይንሸት አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው አጨበጨቡ። «በየወንበሩ ሦስት ሦስት! ጠጋ ጠጋ!»

ሦስት ሦስት፣ ጠጋ ጠጋ! የፊቱ ወንበር ሞላ። የመሀሉ ሞላ። የኋላውም ሞላ።

ሲትራ ብቻ ቆማ ቀረች።

«ቲቸር፣ የኔ ቦታስ?»

«መቶን ሦስት ሦስት እያደረግሽ ስትከፍዪው ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል፣ የኔ ቆንጆ» አሉ ቲቸር። ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«ትርፍ! ትርፍ!» ብለው ልጆቹ ሳቁባት። ሲትራ አኮረፈች። ትርፍ መሆን ማን ይወዳል?

ሐይቁ ዳር፣ ከአንድ የተደፋ ጀልባ አጠገብ አሸዋ ቆፈሩ። ረጃጅም እግር ያላቸውን አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች እያዩ አረማመዳቸውን አስመሰሉ።

ድንገት ሰማዩ ጠቆረ። «ጓ! ጓጓጓ!»

«ዝናብ መጣ! ወደ አውቶቡሱ ሩጡ!» አሉ ቲቸር።

ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ። ሦስት ሦስት፣ ጠጋ ጠጋ!

ሲትራ ሁለት ልጆች ብቻ የተቀመጡበት ወንበር አየች። ያውም በመስኮት በኩል ክፍት ቦታ አለው! ዘላ ተቀመጠች። እሰይ! አሁን ትርፍ አይደለችም።

ሾፌሩ ጋሽ ላምቤቦ «ሞላ?» ብለው ጠየቁ።

«ሞላ!» አሉ ልጆቹ።

ቲቸር ወይንሸት ዞር ዞር ብለው አዩ። ሁሉም ወንበር ላይ ሦስት ሦስት ልጅ አለ። የቆመ የለም። «እንሂድ» አሉ።

«ድርርር!» አለ ሞተሩ።

የሲትራ ልብ ግን ድው ድው አለ። ከመቶ ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል ተብሎ የለ? ታዲያ ትርፉ የት ሄደ?

ብትናገር ቦታዋን ልታጣ ነው። መስኮቱን ነካ አደረገችው። ድው ድው! ድው ድው!

«አቁሙ!» ብላ ጮኸች። «ትርፍ የለም! አንድ ልጅ ጎድሏል!»

የቲቸር ፊት አመድ መሰለ። «ዘጠና ዘጠኝ!» አሉ። «ዘጠና ዘጠኝ ነው ለሦስት እኩል የሚከፈለው! ማን ነው የሌለው?»

ሲትራ አጠገቧ ያሉትን ልጆች አየች። «እዚህ ማን ነበር?»

«ሙሴ! ሙሴ የለም!»

ቲቸርና ጋሽ ላምቤቦ ዝናቡ ውስጥ ሮጡ። ልጆቹም በመስኮት ተጣሩ። «ሙሴ! ሙሴ!»

ዝናቡ ብቻ «ሻ!» አለ። የሐይቁ ውሃ ወደ ዳር እየገፋ መጣ።

«ዝም በሉ! ስሙ!» አለች ሲትራ።

«ኳ! ኳ!»

«ጀልባው ውስጥ ነው! የተደፋው ጀልባ!»

ጋሽ ላምቤቦ ጀልባውን ቀና አደረጉት። ሙሴ ከሥሩ ተኮማትሮ ተቀምጧል።

«ነጎድጓዱን ፈርቼ ተደበቅሁ። ከዚያ መውጣት አቃተኝ» አለ እያለቀሰ። ቲቸር አቀፉት፣ እሳቸውም አለቀሱ።

ሙሴ ሲገባ ሲትራ ተነሣች። «ና፣ ቦታህ ነው» አለችው።

ሙሴ ግን እጇን አልለቅም አለ። «አብረን!»

ወንበሩ ላይ ያሉት ሁለቱ ልጆች ተያዩ። ጠጋ ጠጋ! ጠጋ ጠጋ! አራቱም አንድ ወንበር ላይ ተጣበቁ።

«ሞላ?» አሉ ጋሽ ላምቤቦ።

«ሞልቶ ተረፈ!» አሉ መቶዎቹ ልጆች።

መንገድ ላይ ሙሴ እርጥብ ራሱን ሲትራ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው። ሲትራም እንዳይነቃ ብላ ቤት እስኪደርሱ አልተነቃነቀችም።