የኦሶ ማበጠሪያ

በበረሃማዋ ከተማችን በኤርሞሲዮ ሙቀት የሚገባው ከፋሲካ ጋር ነው። ሰው የማራገቢያውን አቧራ ያራግፋል፣ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ይጋርዳል፣ ውሻውን ይላጫል። እኔ ያኔ ውሻ አጣቢ ስለነበርኩ በዚያ ሰሞን ቁጭ ብዬ ምሳ በልቼ አላውቅም።

ከጎረቤታችን ከራሚሮ ጋር የተዋወቅነው በስድብ ነው። ልብስ ላሰጣ ጠፍጣፋው የሲሚንቶ ጣራችን ላይ ስወጣ፣ ከጠባቧ መተላለፊያ ማዶ፣ በእነሱ ጣራ ላይ ኦሶ የሚሉት ጸጉራም ሽማግሌ ውሻ ምላሱን አንጠልጥሎ ያለከልካል። ሳህኑ ደርቋል። ከባልዲዬ ውሃ ወደ ማዶ ረጨሁለት። ግማሹ የብየዳ ልብስ ለብሶ ብቅ ባለ ወጣት ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?»

«እኔማ አለኝ፤ ውሻህ ነው የሌለው! አንተን እዚህ ሲሚንቶ ላይ ቢያውሉህስ?»

«አልታሰረም እኮ።»

«ታዲያ ወዴት ይሂድ? ክንፍ አለው?»

ሳቀ። ውሃው ከቅንድቡ ሲንጠባጠብ ሳይጠርገው ትክ ብሎ አየኝ። እኔም አንዱን አንሶላ ሁለት ጊዜ አሰጣሁት።

ኦሶን ቤት እንዲጠብቅ ጣራ ላይ ያወጡት የራሚሮ ሟች አባት ናቸው። እናቱ እትዬ ኤልቪራ «ከጣራ የወረደ ውሻ ቤት አይጠብቅም» ይላሉ፤ ባላቸው ያኖሩትን ማንም አያነሳም። ራሚሮ ብረት የሚያጎብጥ ጎረምሳ ነው፤ እናቱ ፊት ግን ምላሱ ይታሰራል።

ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ማታ ማታ ከማዶ ሆኜ አስተማርኩት። በጆንያ ጥላ ሠራለት፤ የብረት ሳህኑን በሸክላ ለወጠው።

«የእጅህን ጀርባ ሲሚንቶው ላይ አድርግና እስከ ሰባት ቁጠር» አልኩት። «አንተ ካልቻልክ እሱም አይችልም።»

«ያንቺን እጅ ባደርግስ?»

«እጄን የፈለግኸው ለሲሚንቶ ነው?»

«ለጊዜው» አለ። ወድጄው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ማታ ማበጠሪያዬን ወረወርኩለት። «በየቀኑ አበጥረው። የውስጡ ጸጉር ሲራገፍለት አየር ያገኛል። እንዳትላጨው ግን! የላይኛው ጸጉር ጥላው ነው። ቃል ግባልኝ።»

«እናቴን!» አለ።

ግንቦት ላይ እትዬ ኤልቪራ እሁድ ለምሳ ጠሩኝ። እንዲህ ያለ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ በሰፈራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዓርብ ማታ ራሚሮ ከማዶ «እሁድ እናቴን ፊት ለፊት እነግራታለሁ። አንቺንም ኦሶንም ቤት አስገባለሁ» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሁድ ረፋድ ላይ ቀሚሴን ከገመድ ላወርድ ወጣሁ። ማዶ የተኛውን ነገር መጀመሪያ ውሻ ነው አላልኩም። ኦሶ እስከ ቆዳው ተላጭቷል። ነፋስ ጆንያውን ጥሎታል፤ ራቁት ጀርባው ፀሐይ ላይ ቀልቷል።

በራቸውን ደበደብኩ፤ ተቆልፏል። እትዬ ኤልቪራ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ራሚሮ ትርፍ ሰዓት ሥራ ገብቷል፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። የጎረቤት መሰላል አጠረኝ። ተመልሼ ጣራችን ላይ ወጣሁና የውሃውን ጎማ ከፈትኩ። ጣራው ላይ ፀሐይ ካጋለው ጥቁር ታንከር የወረደው ውሃ መዳፌን ለበለበኝ። ይህን ነው የማፈስበት?

በእኔና በእሱ መካከል ሦስት ሜትር አይሞላም። «ኦሶ፣ ተነስ! ኦሶዬ!» እያልኩ ጮህኩ። ጭራውን አንዴ አነቃነቀልኝ። ከዚያ በላይ ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ ቆሜ አየሁት።

ራሚሮ ስልኩን አይቶ እየሮጠ ሲደርስ ቀትር አልፏል። ተከትዬው ገባሁ፤ ውሻውን ከጣራ ታቅፎ አወረደና በእናቱ ሳሎን መሃል ቀዝቃዛው ወለል ላይ አስተኛው። እትዬ ኤልቪራ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስለ ጣራ ጠባቂ አንድ ቃል አልተናገሩም። ማራገቢያውን አስጠጉ፤ ነጠላ ሻርፓቸውን በውሃ ነክረው አለበሱት። የጠራነው የእንስሳት ሐኪም ከመድረሱ በፊት ኦሶ ትንፋሹ ቆመ።

«ለምን ላጨኸው?» አልኩ።

«ሥራ በዛብኝ... ማበጠሩን ተውኩት። ጸጉሩ ተቋጠረ። ዛሬ መጥተሽ እንዲያ ሆኖ እንዳታዪው አፈርኩ። ሰፈሩ ሁሉ ይላጫል፣ ምን ይሆናል ብዬ ትናንት ማታ...»

«ነግሬህ ነበር» አልኩት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እውነት ነው፣ ነግሬው ነበር። ግን የአባቱን ውሻ ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ለተቀመጠ ሰው እውነት ምን ያደርግለታል? አልተቆጣኝም። አንገቱን ነቅንቆ ተስማማ፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም።

በማግስቱ ማበጠሪያዬን በጋዜጣ ተጠቅልሎ በራችን ላይ አገኘሁት። ሳምንት ሳይሞላ በባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ ሲባል ሰማሁ።

ዘንድሮ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የፋሲካ ማግስት በገበያው በር ላይ አየሁት። ጸጉራም ቡችላ ይዟል። መንገዱን ከመሻገሩ በፊት ተንበረከከ፤ የእጁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጎ ከንፈሩ ሲቆጥር ይታየኛል። ሰባት ሳይደርስ እጁን አነሳ። ቡችላውን ታቀፈና ወደ እኔ አቅጣጫ መሻገር ጀመረ።

ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። «ነግሬህ ነበር» ያለው ያው አፍ ነው። ዘጋሁት፤ በአጠገቤ አለፈ።