ያረፉት ሰዎች

ውሻው ዳማ ግማሽ አካሉን ወደ ሳጥኑ ካስገባ በኋላ ቆመ። የፊት እግሮቹ ውስጥ ናቸው፤ የኋላዎቹ የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ። አፀደ በሆዷ ተኝታ ከሳጥኑ ማዶ ባለው ፍርግርግ በኩል የሥጋ ቁራሽ ታሳየው ነበር።

«ካሞን ዳማ፣ ግባ። ናይሮቢ ድረስ እኮ ነው፤ ከዚያ ትወጣለህ።»

ዳማ ቁራሹን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ወጣ። አላመናትም።

አባቷ ገብረሕይወት የወጥ ቤቱን ስልክ ከነረጅም ገመዱ ይዞ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ያለበት ጠባብ ክፍል ገብቶ በሩን ዘግቷል። ከሩቅ አገር ሲደወልለት የሚጮኽ ሰው ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። ዛሬ ግን ያንሾካሹካል። አፀደ ጆሮዋን የጣለችው ለዚህ ነው።

«መቼ ነው ያረፉት?» አለ አባቷ። ጥቂት አዳምጦ፣ «ሐሙስ። እሺ። አይ፣ አልሰማችም። እንዳትሰማም። ናይሮቢ ስንደርስ ይነገራታል። እዚህ ከሰማች አትሄድም።»

አፀደ ሥጋውን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ዳማ ካልሄደ አልሄድም» ስትል ነው የከረመችው። እራት ላይ ብላዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንግዳ ፊት ብላዋለች። እዚህ ቤት ውስጥ ከሰማች የማትሄድ ሌላ ማን አለ? ያረፉት ሰዎችም እነማን እንደሆኑ ገብቷታል። ቤተ ክርስቲያኑ ከሱዳን የሚመጣ አንድ ቤተሰብ ሲጠብቅ ነበር። ሶፋው፣ አልጋዎቹና ቴሌቪዥኑ ለእነሱ እንደሚሰጡ ተነግሯል። እንግዲህ አውሮፕላናቸው ሐሙስ አርፏል። ሶፋው ሲሄድ ዳማም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ሳጥኑ ለማታለያ ነው።

ውሻውን አንገቱን አቀፈችው። «አንተ ቀድመህ አውቀሃል» አለችው።

አባቷ የውኃ መሐንዲስ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ናይሮቢ ላለው ቢሮው ሲቀጥረው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ትንሹ ወንድሟ ንዋይ አንበሳ አያለሁ ብሎ ዘለለ። አፀደ ግን አትላንታ ስትገባ ገና ትምህርት አልጀመረችም ነበር፤ ጓደኛዋ ቶኒያም፣ ትምህርት ቤቷም እዚህ ናቸው። እናቷ ገበያነሽም መጀመሪያ አሻፈረኝ ብላ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ስታነሳና ስታገላብጥ ውላ ትመጣና፣ «አንዴ ተሰድጄ ጨርሻለሁ፤ ደግሞ ልሰደድ?» ትላለች።

ሐሳቧን ያስቀየራት የእትዬ የሺ ነገር ነው። እትዬ የሺእመቤት የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ ገበያነሽ ገና ልጅ ሳለች እናታቸው ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ሆነው ለሕክምና ናይሮቢ ለመሄድ የመውጫ ፈቃድ ጠይቀው ነበር፤ ሊሰጣቸው እንደሆነ ተሰማ። እናቷ ያን ዕለት ወንበር ላይ ወጥታ ሻንጣ ከቁም ሳጥን አናት ላይ አወረደች።

እናቷ ከሥራ ስትገባ አባቷ ስልኩን ቦታው መልሶ ሰሃን ያጥብ ነበር።

«ማን ደወለ?» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች።

«ከቢሮ ነው።»

አፀደ ቀና ብላ አየችው። ቢሮው ውስጥ ከእሱ በቀር አማርኛ የሚናገር ሰው የለም።

እናቷ ከያዘችው ከረጢት ውስጥ ግራጫ ሹራብ አውጥታ ዘረጋች። «ለእትዬ። ናይሮቢ ማታ ማታ ይበርዳል አሉኝ።»

አባቷ ሹራቡን አላየም። «ይቅር፣ ገበያነሽ። ሻንጣው ይከብዳል።»

«ለውሻ የሎንቺና አውቶቡስ ያህል ሳጥን ታስጭናለህ፤ የእህቴ ሹራብ ከበደህ?»

ንዋይ በሳቅ ወደቀ። አባቷ ግን እጁን በሱሪው አደራርቆ ወደ ጓሮ ወጣ።

ቅዳሜ ጋሽ ኃይለመስቀል መጡ። ኮሌጅ ፓርክ ካለ ሆቴል እንግዳ ወደ ኤርፖርት በቫን የሚያመላልሱ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ ሲኖር ሁሉም የሚጠራቸው ሰው ናቸው። ሳጥኑን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«እኔ ሱዳን ስገባ ዕቃዬ በአንድ ፌስታል ነበር» አሉ። «ይኼ ከነቤቱ ነው የሚሰደደው። ይናከሳል እንዴ?»

«የማያውቀውን ሰው ይናከሳል» አለች አፀደ ዓይናቸውን እያየች። «በተለይ ሊወስደው የመጣ ሰው ካለ። ለሰዎቹ ንገራቸው።»

«ለየትኞቹ ሰዎች?»

ዳማን በአንገቱ ማሰሪያ ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። በኋላ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ እሳቸውና አባቷ ጓሮ ቆመው ያወሩ ነበር። ሲያይዋት ወሬውን ቀየሩት። አባቷ ስለ ሣሩ ማውራት ጀመረ። ሣሩ እንዲህ ሆነ፣ ሣሩ እንዲያ ሆነ። ስለ ሣር አውርቶ የማያውቅ ሰው።

ሰኞ ዳማ ለጉዞው ሐኪም ዘንድ መታየት ነበረበት። አባቷም እናቷም ሥራ ላይ ስለነበሩ የሚያደርሷቸው ጋሽ ኃይለመስቀል ሆኑ። አፀደ ፊት ተቀመጠች፤ ዳማን ከኋላ አድርጋ የአንገቱን ማሰሪያ ግን ከእጇ አልለቀቀችም። በየመታጠፊያው የመንገዱን ስም ታነብ ነበር። ወደማታውቀው ቤት ከዞሩ በር ከፍታ ትወርዳለች፤ ይህን ወስናለች።

የትም አልዞሩም። አቮንዴል እስቴትስ ያለው የእንስሳት ሐኪም ዳማን ጆሮውን አየው፣ ጥርሱን አየው፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን አረጋገጠና ወረቀቱ ላይ ፈረመ። «ናይሮቢ። ዕድለኛ ውሻ» አለ በእንግሊዝኛ።

አፀደ ወደ መኪናው ስትመለስ መደሰት ነበረባት። ግን ነገሩ ይበልጥ ግራ ገባት። ዳማ የሚሄድ ከሆነ ከእሷ የሚደበቀው ምንድን ነው?

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

ጋሽ ኃይለመስቀል ወደ ኋላ ዞረው ዳማን አዩት። «ሰማህ? በዚህ ሽበት 'አንተ' ትለኛለች። እሺ፣ ጠይቂ።»

«ያረፉት ሰዎች ስንት ናቸው?»

«የት ያረፉት?»

«ሐሙስ ያረፉት። አባባ በስልክ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ለእኔ እንዳይነገር ብሏል። ዳማን ለእነሱ ልትሰጡት ከሆነ ንገረኝ፣ ፕሊስ።»

ሊያዞሩት የነበረውን ቁልፍ ተዉት። ፓርክ ያደረጉበት ቦታ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ድመት በቅርጫት ይዛ መጣች። እስክታልፍ ጠበቁ።

«ሐሙስ ያረፉት አንድ ሰው ናቸው» አሉ።

«አንድ ሰው ያን ሁሉ አልጋ ምን ያደርግለታል?»

«አፀደ፣ ልጄ። አውሮፕላን አይደለም። ሰው ሲሞት ነው አረፈ የሚባለው። ትልቅ ሰው ሲሆን አረፉ ይባላል። አንድም ቢሆን።»

አፀደ በአፏ ሳታወጣው ቃሉን ደገመችው። አረፉ። ያረፉት። ብዙ ሰው የመሰላት አክብሮቱ ነው። እቤታቸው በዚህ ዓይነት አክብሮት የሚጠሩ ሰዎች ጥቂት ናቸው።

«ማን?» አለች፤ ግን እየጠየቀች ሳለ አውቃዋለች።

«እትዬ የሺ። ነፍሳቸውን ይማር።»

ዳማ ከኋላ አፍንጫውን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። እንዳትሰማ የተባለችው እሷ አልነበረችም። ከሰማች የማትሄደው እናቷ ናት።

«አባባ ውሸታም ነው» አለች። «ለካ እያታለለ ነው የሚወስዳት።»

«እንደሱ አይባልም። መርዶ ጊዜ አለው።» ጋሽ ኃይለመስቀል መስኮታቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። «እኔ የእናቴን በስልክ ነው የሰማሁት። ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ የምቀበልባት ጠባብ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ስልኩን ዘጋሁና ቀጥሎ የመጣውን መኪና አስተናገድኩ። ከዚያም የሚቀጥለውን። ማን ነበር ደግፎ የሚይዘኝ? ሰው ይህን ብቻውን መስማት የለበትም ያልኩት ያኔ ነው። ናይሮቢ እነ ተክሌ አሉ፤ የእናትሽ የአጎት ልጆች ናቸው። ዘመድ መሀል ትስማው ብለን ነው።»

«ተክሌን አይታው ታውቃለች?»

«ስታየው ታውቀዋለች።»

«ሰዎቿ እኮ እዚህ ናችሁ» አለች አፀደ። «አንተ፣ ከቤተ ክርስቲያን እነ ወይዘሮ ደጊቱ፣ የሆስፒታል ጓደኞቿ። እዚያ ማን አላት?»

ጋሽ ኃይለመስቀል ሞተሩን አስነሱ። 

እናቷ ቀድማ ገብታ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ነበር። «አፀደ፣ ነይማ። ያንን ወፍራም ካልሲ ሁለቱን ደርበሽ አድርጊ።»

«ለምን?»

«አድርጊው እስቲ።»

አፀደ ካልሲዎቹን ደርባ አጠለቀች። እናቷ ተንበርክካ ውስጡ ፀጉራም የሆነ የቤት ጫማ አደረገችላት፤ ጣቷንም ተረከዟ ጋ አስገብታ ለካች።

«የእትዬ እግር ያብጣል። እንዲህ ከሆነ ልክ ይሆናታል። እስቲ ተራመጂ።»

አፀደ እስከ መስኮቱ ድረስ ተራመደች። ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ቆመች። አሁን ብትናገር ሁሉም ነገር ያልቃል። እናቷ አትሄድም፤ እናቷ ካልሄደች ማንም አይሄድም። በክረምቱ ዕረፍት ከቶኒያ ጋር ዋና ይሄዳሉ።  ልትናገር የፈለገችው ለእናቷ ብላ ይሁን ለቶኒያ ብላ፣ ራሷን ማመን አቃታት።

«ምነው ፊትሽ?» አለች እናቷ፣ ስትዞር አይታት። «ዳማ እንደሆነ ይሄዳል ብዬሻለሁ። እኔ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«በይ ቀስ ብለሽ አውልቂው፤ እንዳይቆሽሽ።»

አባቷ ጓሮ የሣር ማጨጃውን ይገፋ ነበር። አፀደ ከፊቱ ሄዳ ቆመች። ማሽኑን አጠፋ።

«የእትዬ የሺን ሰምቻለሁ» አለች።

አባቷ እጁን ከማሽኑ አላነሳም። «ለእናትሽ ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም። አንተ ንገራት።»

«ከነገርናት አትሄድም።»

«ላትሄድ ትችላለች። እኔም ባልሄድ ደስ ይለኛል፤ እሱንም አውቀዋለሁ። ግን እትዬ የሺ እየጠበቀቻት መስሏት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ የለባትም። አሁን ጫማ እየለካችላት ነው፣ አባባ። በእኔ እግር።»

አባቷ ያልታጨደው ሣር ላይ ተቀመጠ። በደህናው ሱሪው።

«እሳቸው ናቸው የደበቁኝ» አለ። «ደርግ ሲፈልገኝ። ማታ ማታ እግሬን ያሹልኝ ነበር፤ ጓዳ ውስጥ ተጣጥፌ ስለምውል።» ፊቱን በክርኑ ጠረገ። «እስካሁን አላለቀስኩላቸውም። ቤት ውስጥ እንዴት አድርጌ ላልቅስ?»

አፀደ ማሽኑን ዞራ መጣች። አጠገቡ ቆመች።

«ብቻዋን እንድትሰማው ግን አልፈልግም» አለች። «ጋሼ እንደሰማው አይነት።»

አባቷ ተነሳ። ማሽኑን እዚያው ትቶ የመኪናውን ቁልፍ ፈለገ፤ ጋሽ ኃይለመስቀል ዘንድ ሊሄድ ነው።

በማግስቱ ንጋት ላይ እናቷ ነጭ የሥራ ልብሷን ለብሳ ወጥ ቤት ቆማ ሻይ ትጠጣ ነበር። አባቷ ከሁሉም በፊት ተነስቶ ወጥቷል። አፀደ ልብሷን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ቀሰቀሰሽ?»

«እንዲሁ።»

የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ ሌላ። እናቷ በመስኮት አየች። ወይዘሮ ደጊቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ደጁ ይመጣሉ። ከኋላቸው ጋሽ ኃይለመስቀል በጥቁር ኮት፣ ከእሳቸው ኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች። አባቷ መጨረሻ ላይ ነው፤ አንገቱን ደፍቷል።

እናቷ ኩባያውን አስቀመጠች። ማንም ምንም አልነገራትም። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች፣ ነጠላውን አየች፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

በሩ ተንኳኳ። ዳማ መጮኽ ጀመረ። አፀደ ተነስታ እጇን ቁልፉ ላይ ስታደርግ እናቷ ከኋላዋ ተናገረች።

«አትክፈቺ።»

ድምፁ የእናቷ አይመስልም። ውጭ ሰዎቹ ይጠብቃሉ፤ ጋሽ ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይሰማል። አፀደ ዘወር ብላ እናቷን አየቻት። ነጩ ልብስ ላይ እጆቿን አጣምራ በሩን ታያለች።

አፀደ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ተመልሳ ወንበሯን ከእናቷ ወንበር ጋር አስጠግታ ተቀመጠች፤ የተጣመሩትን እጆች በሁለት እጇ ያዘች።

«ክፈቺ እስክትዪኝ አልከፍትም» አለች።

በሩ እንደገና ተንኳኳ፣ አሁን ቀስ ብሎ። አፀደ አልተነሳችም።