የባዶው አልጋ ዋጋ

ባዶ አልጋ ቁርስ ይበላል?

እስቲ መልሱልኝ! ባዶ አልጋ ፎጣ ያቆሽሻል? ማዕበል ሲነሳ ያስመልሰዋል? ታዲያ ብቻውን ባሕር ላይ መንሸራሸር ያማረው ሰው፣ ማንም ላልተኛበት አልጋ ሙሉ ዋጋ ክፈል የሚባለው በየትኛው ፍርድ ነው? ሳያገባ መቅረት ወንጀል ከሆነ ይነገረንና እንከሰስ፤ ካልሆነ ግን ቅጣቱ የምን ነው?

ሩዪን ይህንኑ ጥያቄ በኪሉንግ ወደብ ትኬት መሸጫ መስኮት ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ ጠይቃለች። የሠላሳ አራት ዓመት የታሪክ መምህርት ናት። ቁጣዋ ቅርብ ነው። ያለ ምክንያት ተቆጣች የሚላት ሰው ግን ከኔ ጋር ይጣላል።

«እህቴ፣ ደንብ ነው» አላት ትኬት ሻጩ። «ክፍሉ የሁለት ሰው ነው። ብቻዎን ከያዙት የሁለት ሰው ይከፍላሉ። አለዚያ ብቻዋን ከመጣች ሴት ጋር እናጣምርዎታለን።»

«ከማላውቃት ሴት ጋር?»

«ኦኪናዋ ደሴት ሳትደርሱ ትተዋወቃላችሁ።»

«ብታንኮራፋስ?»

«እሱ እንግዲህ ዕድል ነው።»

ሩዪን አባቷን አሰበች። ባለፈው ክረምት የሞቱት አባቷ ማታ ማታ ሲያንኮራፉ የቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓመታት ሙሉ አስታማቸው፣ በዚያ ድምፅ እየተነጫነጨች ኖራ፣ ድምፁ ሲቆም እንቅልፏም አብሮ ቆመ። ጸጥታው ጆሮዋን ይበላታል።

«አጣምሩኝ» አለች።

አክስቶቿ ይህን ቢሰሙ በሳቁባት ነበር። በየአዲስ ዓመቱ ማዕድ ላይ፣ ዓሣው ገና ሳይቆረስ፣ «ብቻሽን እስከ መቼ ነው? ሁለት ሰው እኮ አንድ ፍሪጅ ይበቃዋል!» ይሏታል። ትዳርን እንደ ገበያ ቅናሽ! ሩዪንም በልቧ ምላለች፤ ሒሳብ እያሰላ ለሚመጣ ወንድ በሯ አይከፈትም። ወይ ለራሷ ሲል የሚፈልጋት ይመጣል፣ ወይ ማንም አይመጣም።

*

ክፍሉን እንዲጋሯት የደረሷት እትዬ ሱጁ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ወደቡ አጠገብ ዓሣ ሲሸጡ ያረጁ፣ ድምፃቸው ከመርከቡ ጡሩንባ የማያንስ ሴት። ባዶውን ክፍል ከመክፈታቸው በፊት በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኩ።

«ይቅርታ፣ ልንገባ ነው» አሉ፤ ውስጥ የማይታይ ባለቤት ቢኖር እንዳይደነግጥ። ከዚያ ወደ ሩዪን ዞር ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ አንኮራፋለሁ። ከነገርኩሽ በኋላ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አሏት።

እውነታቸውን ነበር። እትዬ ሱጁ ጋደም እንዳሉ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሞተሩን ያስነሳ መሰለ። ወዲያው ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ቀጠን ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ ሌላ ማንኮራፋት መለሰላቸው። ሩዪን ልትስቅ አፏን ከፈተች። ሳቋን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እስኪነጋ የተኛችበት የመጀመሪያው ሌሊት ነበር።

ጠዋት በሩን ስትከፍት አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ደጃፏ ላይ ትንሽ የካርቶን ሳጥን ሲያስቀምጥ ደረሰችበት። እንደተጎነበሰ ቀረ።

«ምንድን ነው?»

«የአናናስ ኬክ ነው።» ቀና አለ። «ዩታይ እባላለሁ፤ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ቀጣዩ ክፍል ውስጥ ነኝ። ትናንት ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ከመጣ... ይቅርታ ለማለት ነው።»

«የትኛው ነው የእርስዎ? ሁለት ነበሩ። ወፍራሙ ነው የሚያፏጨው?»

የሰውየው ጆሮ ቀላ። «የሚያፏጨው።»

«ወፍራሙ የኔ ነው!» አሉ እትዬ ሱጁ ከውስጥ። «ኬኩን ተቀበዪው እንጂ ምን ትመረምሪዋለሽ!»

ሩዪን ሳጥኑን ተቀበለች። ግን ዓይኗ በተከፈተው የእሱ በር በኩል ሁለተኛውን አልጋ አየ፤ አንሶላው አልተነካም።

«ብቻዎን ነዎት? የሁለት ሰው ከፍለው?»

«አዎ።»

ደሟ ፈላ። «እንደ እርስዎ ያለ ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው ስላለ እኮ ነው የሚጫወቱብን! ማንም እንቢ ካላለ ደንቡ ለምን ይቀየራል? ባዶ አልጋ የሚገዛ ሰው ነገ አየርም ይገዛል!»

ዩታይ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ በዝግታ፣ «ቲቸር» አላት፣ «አልጋውን አይደለም የገዛሁት። እዚያ ላይ ሊተኛ ለነበረው ሰው እንቅልፉን ነው የገዛሁለት።»

ንዴቷ የሚቆምበት ቦታ አጣ። «አስተማሪ መሆኔን በምን አወቁ?»

«ሲቆጡ እጅዎ ጠመኔ የያዘ ይመስላል።»

ሩዪን እጇን አየች። ዝቅ አደረገችው። ሁለቱም ወለሉን ተመለከቱ፤ ወለሉ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

*

ኦኪናዋ ላይ ናሃ ወደብ ሲደርሱ ያካፋ ነበር። የኪሉንግ ሰው ዝናብ አይፈራም፤ ጃንጥላ ረስቶ ከወጣ ግን ሆነ ብሎ ነው ይባላል። ሩዪን ጃንጥላዋን ረስታ ወረደች። ሆነ ብላ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በዩታይ ጃንጥላ ሥር የገበያውን መንገድ ወጡት፣ ወረዱት። የእሱ ግራ ትከሻ በስብሶ ውኃ ሲያንጠባጥብ እሷ ጠብታ አልነካትም። አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተው ትኩስ ሾርባ ያለው ኑድል አዘዙ። «እርስዎ» መባባሉ በየት በኩል እንደጠፋ አላወቁትም፤ ኑድሉ ሲያልቅ «አንተ» እና «አንቺ» ሆነው ነበር።

ስለ አባቷ ነገረችው። እሱም ስለ ራሱ ነገራት። ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ባለች ክፍል ብቻውን ነው የሚኖረው። አንዴ ሊያገባት የነበረች ልጅ ከዘመዶቹ ጋር ለበዓል መጥታ አድራ፣ ጠዋት ቁርስ ላይ ማንኮራፋቱን እያስመሰለች ቤተ ዘመዱን ሁሉ አሳቀች። ዩታይም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ከማንም ጋር አንድ ጣራ ሥር አላደረም።

«አጠገቤ ተኝቶ ያነጋ ሰው የለም» አላት፣ ባዶውን ጎድጓዳ ሳህን እያየ።

«እኔ አለሁ።»

«በግድግዳ እኮ ነው።»

«በግድግዳም ቢሆን» አለች ሩዪን። «አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ላመሰግንህ ፈልጌ ነበር፤ እንዴት ብሎ ሰው ለማንኮራፋት ያመሰግናል ብዬ ተውኩት።»

ዩታይ ቀና ብሎ አያት። ረጅም ጊዜ አያት። የምግብ ቤቱ ባለቤት መጥታ ሳህኑን ስታነሳ እንኳ ዓይኑን አልነቀለም።

*

እንግዲህ እዚህ ላይ ታሪኩን ባቆመው ደስ ባለኝ። ወንዶች ግን አፍ አላቸው፤ አፋቸውንም ከሁሉ በከፋው ሰዓት ይከፍቱታል።

መርከቡ ወደ ኪሉንግ ሲመለስ፣ በመጨረሻው ከሰዓት፣ የመርከብ ድርጅቱ ሠራተኞች የፀደዩን ጉዞ መሸጥ ጀመሩ። ዩታይ ሩዪንን መተላለፊያው ላይ አስቆማት። ግማሽ ቀን ሲለማመደው የዋለው ንግግር ነበረው። አፉን ሲከፍት ግን ሁሉም ጠፋው። ከፊቱ፣ ከሩዪን ትከሻ በላይ፣ ሰው የሚያህል ፊደል ያለው የቅናሽ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዓይኑ እዚያ ላይ ወደቀ።

«ሩዪን... በፀደይ አብረን ብንመጣ... አንድ ክፍል ብንይዝ...» ከማስታወቂያው አነበበ። «ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል።»

ሰማዩ ቢደረመስ እንዲያ አትደነግጥም ነበር።

«ግማሽ?»

«ማለቴ...»

«ገብቶኛል ማለትህ! አክስቶቼ እንኳ ፍሪጅ ነው ያሉኝ፤ አንተ አልጋ አልክ! እኔ የቅናሽ ኩፖን ነኝ? ባዶው አልጋ ኪስህን ስላቃጠለህ የምትሞላው ሰው ፈለግክ?»

ለትኬት የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞረ። በዩታይ ፊት ላይ የነበረው ነገር ንዴት አልነበረም። ያኔ፣ ቁርስ ላይ ሲሳቅበት፣ አብሮ ከመሳቁ በፊት የነበረው ፊት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቷት ሄደ።

እትዬ ሱጁ ክፍሉ ውስጥ ስኩዊድ የሚሉትን የደረቀ የባሕር ምግብ ከከረጢት እያኘኩ ጠበቋት። መርከቡ በሙሉ ሰምቶ ኖሮ እሳቸውም ሰምተዋል።

«ባሌ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ታውቂያለሽ?»

«እትዬ፣ አሁን እንኳ...»

«‹ጃንጥላዬ ሰፊ ነው› አለኝ። በቃ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እስኪሞት ድረስ ከሱ ሥር አልወጣሁም። ቃል የሚያሳምር ወንድ ካማረሽ ሬዲዮ አግቢ!»

«ግማሽ እኮ ነው ያለኝ!»

«እና? ገንዘብ የሚያሳሳው ቢሆን እንዳንቺ ከሰው ጋር ይጣመር ነበር። ያ ልጅ ሰው እንዳይሰማው ብሎ ሙሉ የከፈለ ነው። ማንኮራፋቱን ከዓለም ሁሉ የደበቀ ሰው ክፍሌን ላካፍልሽ ካለሽ፣ ምኑን ነው የሰጠሽ? ታሪክ አስተማሪ ነሽ አይደል? አስቢ!»

ሩዪን አሰበች። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አሰበች። ግማሹ ዋጋ ለካ የቃል ድህነት ነበር። ከቃሉ ሥር የነበረው ግን ሰውየው ለማንም አሳይቶት የማያውቀው እፍረቱ ነው። እሷ ደግሞ በሰልፈኛ ፊት ዳግመኛ አሳቀችበት። ለሚያጣምረው ደንብ ምስጋና ይግባውና አጠገቧ እትዬ ሱጁ ነበሩ፤ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ያን ማታ ትክክል ነኝ ብላ ትተኛ ነበር።

ተነሳች። «ይቅርታ ልጠይቀው ነው።»

«ኬክ ይዘሽ ሂጂ» አሉ እትዬ ሱጁ።

*

ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። የስንብቱ እራት አዳራሽ ውስጥ አገኘችው፤ ጡረተኞች በየተራ ማይክ እየያዙ ይዘፍናሉ። ዩታይ ቀድሞ አያትና መጣ፤ በእጁ ሁለት ትኬት ይዟል።

«ለፀደይ ሁለት ክፍል ገዛሁ» አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አንዱ በስምሽ፣ አንዱ በስሜ። ሁለቱም በሙሉ ዋጋ፤ ቅናሽ የለውም። ብትመጪም ባትመጪም ያንቺ ነው። የግማሹ ነገር ከመሃላችን ይውጣ ብዬ ነው።»

ሩዪን ትኬቶቹን አየች። «ለሁለት ሰው አራት አልጋ?»

«አራት።»

«ለነዚህ ሰዎች የአራት ሰው ከፈልክላቸው?»

«ሌላ የምለው አጣሁ።»

ሳቋና እንባዋ በአንድ ላይ መጡ። ይቅርታ ልትጠይቀው ተዘጋጅታ ነበር፤ የዚህ ዓይነት ይቅርታ ግን በሹክሹክታ አይጠየቅም። በሰው ፊት የሰደበችውን ሰው በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ ፍርሃት ነው። ዞረችና መድረኩ ላይ ወጣች። ዘፈኑን ገና ያጋመሱትን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ አንድ ጊዜ» ብላ ማይኩን ተቀበለቻቸው።

ቀኝ እጇ፣ ጠመኔ የያዘ የሚመስለው፣ ተነሳ።

«ሩዪን እባላለሁ። ምስጋና አለብኝ። ለእትዬ ሱጁ፣ ከማያውቋት ሴት ጋር ክፍላቸውን ለተካፈሉት። ትኬት መሸጫው ላይ ላለው ልጅም፤ በጣም ሰድቤው ስለነበር ንገሩልኝ። ከሁሉ በላይ ግን ከግድግዳዬ ማዶ ለሚተኛው ሰው። ዛሬ በብዙ ሰው ፊት አሳፈርኩት። ያጠፋሁት በሰው ፊት ነውና ይቅርታዬንም በሰው ፊት ይስማ፤ አጥፍቻለሁ።»

እትዬ ሱጁ ከበሩ አጠገብ ሆነው በስኩዊዱ ከረጢት አጨበጨቡ።

«የመርከቡ ባለቤቶች» ቀጠለች ሩዪን። «ባዶ አልጋ ምን በልቶ ዋጋ እንደሚያስከፍል እናንተም ትመልሳላችሁ፤ አልተውኳችሁም። መጀመሪያ ግን አንተ። ዩታይ! ለአንድ ክፍል የአራት ሰው ቢያስከፍሉንም፣ ቅናሽ የሚባል ነገር ከዓለም ላይ ቢጠፋም፣ ካንተ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማንጋት እፈልጋለሁ። መርከቡ ላይ ብቻ አይደለም፤ በዳቦ ቤቱ ጓሮም። ስታንኮራፋ ሰምቼሃለሁ። እንቅልፌን የመለስክልኝ አንተ ነህ። አሁን ተራው ያንተ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ጎንበስ አትበል፣ ወለሉንም አትይ። ቀና በልና ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ መልስልኝ!»